ሁለት ጊዜ «ኖርማል» የተባለ የሆድ አልትራሳውንድ፣ በሦስተኛው ሲሮሲስ፦ የጉበት ጠባሳ ቀደም ብሎ አይታይም እንዴ?

የለገሃር ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ታላቅ ወንድሜ 46 ዓመቱ ነው። በ2011 ዓ.ም መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ደም ለግሶ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ተጠራና «ደምህ ውስጥ የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቷል፤ ሐኪም ጋ ሂድ» ተባለ። ሄደ። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ክሊኒኮች አንዱ የሆድ አልትራሳውንድ አዘዘለት፤ ኖርማል ሆነ። «ተሸካሚ ነህ እንጂ በሽተኛ አይደለህም» ብለው ሸኙት። በ2014 ዓ.ም ቀኝ ጎኑን እየከበደው ሌላ ቦታ ደግሞ ተነሳ፤ አሁንም ኖርማል። ያን ቀን አብሬው ነበርኩ። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ማኪያቶ ጋብዞኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «ይኸው፣ የልጅ ጉበት ነው ያለኝ» አለኝ። ሁለታችንም አመንን።

ባለፈው ወር ጫማው አልገባ አለው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ሆዱ ተነፍቷል፣ ክንዱና ፊቱ ግን ከስቷል። ሦስተኛው አልትራሳውንድ «የጉበቱ ገጽ ጎርባጣ፣ ጣፊያ 15.8 ሴንቲ ሜትር፣ ሆድ ውስጥ ውሃ» ይላል። ሲሮሲስ።

ቁጭ ብዬ የማስበው ይህንን ነው፦ የፊተኞቹ ሁለቱ ተሳስተው ነው? ወይስ መሣሪያው ራሱ አያይም? እኔ 38 ዓመቴ ነው። አምና መሥሪያ ቤቴ ባሠራልን ቼክአፕ የሆድ አልትራሳውንዴ ኖርማል ነበር። አሁን ያንን ወረቀት ማመን አቃተኝ።

ከጨለማው ክፍል · ማክሰኞ ማታ 4፡25

ወንድምህን እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔ ሶኖግራፈር (አልትራሳውንድ የማነሳ ባለሙያ) ነኝ፤ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው የምሠራው። ጥያቄህ በየቀኑ እጄ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ።

አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ተቀብሎ ሥዕል ይሠራል። ማሚቶው የሚለወጠው የጉበቱ ሥጋ፣ ቅርጹ ወይም ገጹ ሲለወጥ ነው። ጠባሳ ሲጀምር ግን በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ቀጭን ክር ነው። ጉበቱ አልጠበበም፣ አልጎረበጠም፣ ጠርዙም እንደ ሾለ ነው። ስክሪኑ ላይ ከጤነኛ ጉበት አልለየውም። ሐኪሞች ጠባሳውን ከ0 እስከ 4 ደረጃ ይሰጡታል፤ 4 ሲሮሲስ ነው። በተለመደው አልትራሳውንድ 1ኛውንና 2ኛውን ደረጃ አያለሁ የሚል ሰው ካለ እኔ አላምነውም። 3ኛውም ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ስብ እንኳ የተሻለ ይታያል፤ ከጉበቱ ሲሶ ገደማውን ሲይዝ ጉበቱ አጠገቡ ካለው ከቀኝ ኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ይወጣል። ጠባሳ ግን እንዲያ አይለይም።

ይህን ስል ግን አልትራሳውንድ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ሲባል ያመኛል። በጥንቃቄ ከተሠራ ፍንጭ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። የጉበቱን ገጽ ለታይሮይድና ለደም ሥር በምንጠቀምበት በቀጭኑ፣ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲው ፕሮብ (ሰውነት ላይ በምናስደግፈው የማሽኑ እጅ) ማየት አንዱ ነው፤ በትልቁ ፕሮብ ለስላሳ የመሰለው ገጽ በዚህ ሲታይ ጠጠር ጠጠር ሊል ይችላል። የቀኙ ክፍል እየጠበበ ከኋላ ያለው ትንሹ ክፍል መፋፋቱ ሌላው ነው። ወደ ጉበት የሚገባው ዋናው ደም ሥር ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ መስፋቱም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣፊያ። ጉበት ሲደነድን ደሙ ወደ ኋላ ይገፋና ጣፊያውን ያሳብጠዋል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። የሚመጣልኝ የማዘዣ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ «የሆድ አልትራሳውንድ» ብቻ ይላል። ምክንያት የሚጻፍበት መስመር ባዶ ነው። ጠዋት ኮሪደሩ ሞልቶ ይጠብቀኛል፣ ለአንድ ሰው ያለኝ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሐሞት ከረጢት፣ ኩላሊት፣ ፊኛ አይቼ አሳልፋለሁ። ወረቀቱ ላይ «ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ» የሚል ሦስት ቃል ቢኖር ግን ፕሮብ እቀይራለሁ፣ ጣፊያውን እለካለሁ፣ ቆም ብዬ አያለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ፦ የ2014ቱን ሪፖርት አውጣና ድምዳሜውን ሳይሆን መሐሉን አንብብ። የጣፊያው ልኬት ስንት ይላል?

እናት ዓለም · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

አይዞህ ልጄ። ለወንድምህ ማርያም ትድረስለት። የእኔ ባለቤት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል የሚሰጥ ሰው ጋ ሲመላለስ ነው ሦስት ወር ያለፈው። ሰው ሁሉ «ሐኪም አይነካውም፣ መርፌ ከተወጋ ይሞታል» እያለ አስፈራን። ኋላ ሐኪም ጋ ሲደርስ ሐሞት ቧንቧው በጠጠር ተዘግቶ ነበር የተገኘው። በአልትራሳውንድ ነው የታየው። ስለዚህ እባካችሁ መሣሪያውን በደፈናው አትንቀፉት።

የለገሃር ልጅ · ረቡዕ ቀን 7፡40

እናቴ፣ ስላካፈሉን አመሰግናለሁ።

ከሥራ ወጥቼ ወንድሜ ቤት ሄድኩና የወረቀት ፌስታሉን አወረድኩ። የ2011ዱ ላይ ጣፊያ «ልከኛ» ብቻ ይላል፣ ቁጥር የለውም። የ2014ቱ ላይ ግን በአራተኛው መስመር «ጣፊያ 13.2 ሴ.ሜ» ተጽፏል። ታች ድምዳሜው ላይ «ጉልህ ችግር አልታየም» ይላል።

ቁጥሩ እኮ እዚያው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ።

ከጨለማው ክፍል · ረቡዕ ቀን 8፡05

እንዲህ ይሆናል ብዬ ነው የፈራሁት። የአዋቂ ጣፊያ ርዝመት እስከ 12፣ ቢበዛ 13 ሴንቲ ሜትር ነው የምንለው። 13.2 ጠርዙን የነካ ነው፤ የለካው ሰው ቁጥሩን በሐቀኝነት ጽፏል። እንዳልተጨነቀበት ይገባኛል፤ አገራችን ውስጥ ወባ አገር ያደገ ሰው ጣፊያው ትንሽ ተልቆ መገኘቱ ብርቅ አይደለም። ሰውየው ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት ቢያውቅ ግን «ጉልህ ችግር የለም» ብሎ አይዘጋውም ነበር። ክፍተቱ ያለው መሣሪያው ላይ ብቻ አይደለም፤ በማዘዣውና በሪፖርቱ መካከልም ነው።

ወንድምህ ልጅ ሆኖ የት ነው ያደገው?

የለገሃር ልጅ · ረቡዕ ቀን 8፡20

አዲስ አበባ። ሁላችንም እዚሁ ተክለ ሃይማኖት ነው የተወለድነው። ወባ ይዞት አያውቅም።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት · ረቡዕ ማታ 4፡50

ከተረኝነት አሁን ወጣሁ፤ ዘግይቼ ብገባም የምጨምረው አለኝ።

የሶኖግራፈሩ አስተያየት ልክ ነው። እኔ የማየው ችግር ሰው ለአልትራሳውንዱ የሚሰጠው ግምት ላይ ነው። ታካሚ «ጉበቴን ተነሳሁ» ሲል ጉበቱ ተመርምሮ ያለቀ ይመስለዋል፤ እኛ ሐኪሞችም አንዳንዴ እንዲሁ እናስባለን። ቀላሉ ፍንጭ ግን ያለው ደሙ ውስጥ ነው። ወንድምህ በ2014 የጉበት ኢንዛይምና ሲ ቢ ሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) ተሠርቶለት ከሆነ ሁለቱን የጉበት ኢንዛይሞች፣ ኤ ኤስ ቲንና ኤ ኤል ቲን፣ እንዲሁም ደም የሚያረጋውን ሕዋስ፣ ፕላትሌትን፣ ሦስቱን ቁጥሮች ፈልግ። ከዕድሜው ጋር አጣምሮ የጠባሳውን ዕድል ማስላት ይቻላል።

እናት ዓለም ያነሱት ነገርም ትልቅ ነው። ዓይን ቢጫ መሆን በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ቫይረስ ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር ሊሆን ይችላል፣ ዕጢም ሊሆን ይችላል። ለጉበት ተብሎ የሚጠጣ ቅጠል ራሱ ጉበት የሚጎዳበት ጊዜ አለ፤ እባካችሁ ሳትመረመሩ አትጠጡ።

ላብራቶሪ ቤት · ሐሙስ ጠዋት 3፡30

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ብዙ ሰው ወረቀቱ ላይ ኤ ኤስ ቲ የሚል አጣሁ ይላል። ብዙ ቦታ በድሮ ስማቸው ነው የሚጻፉት፦ ኤስ ጂ ኦ ቲ ማለት ኤ ኤስ ቲ ነው፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ ማለት ኤ ኤል ቲ ነው። ፕላትሌት ሲ ቢ ሲው ላይ ታች አካባቢ አለ።

ስሌቱ ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜን በኤ ኤስ ቲ ታባዛለህ። ለብቻው ፕላትሌትን በኤ ኤል ቲ ስኩዌር ሩት ታባዛለህ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ። ስልክህ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ፕላትሌቱ 171,000 ከሆነ 171 ብለህ አስገባ።

የለገሃር ልጅ · ሐሙስ ቀን 6፡55

አገኘሁት። የ2014፦ ኤስ ጂ ኦ ቲ 48፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ 52፣ ፕላትሌት 171,000። ያኔ 43 ዓመቱ ነበር። የአሁኑ፦ 62፣ 55፣ ፕላትሌት 96,000።

ላብራቶሪ ቤት · ሐሙስ ቀን 7፡20

የ2014፦ 43 በ48 ሲባዛ 2064። የ52 ስኩዌር ሩት 7.21፤ በ171 ሲባዛ 1233 ገደማ። ሲካፈል 1.67።

የአሁኑ፦ 46 በ62፣ 2852። የ55 ስኩዌር ሩት 7.42፤ በ96 ሲባዛ 712። ሲካፈል 4.0።

ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው። ከ2.67 በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። መካከሉ «ሌላ ምርመራ ጨምሩ» ማለት ነው። የ2014ቱ ቁጥር ሲሮሲስ ነው አይልም፤ ኖርማል ነው ብላችሁ ዝጉትም አይልም።

ከእኔ ሙያ አንድ ማሳሰቢያ፦ ደሙ ቱቦው ውስጥ ሲቆይ ፕላትሌቶች ተያይዘው ማሽኑ አሳንሶ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ። ድንገት ዝቅ ያለ ቁጥር ካያችሁ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ በሉ። ከመቶ ሰባ ወደ ዘጠና ስድስት በሦስት ዓመት፣ ጣፊያውም እያበጠ፣ የእሱ እውነተኛ መቀነስ ይመስለኛል። ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌት ይይዛል።

የሱቅ ባለቤት ተክለ ሃይማኖት · ሐሙስ ማታ 2፡15

እኔ 14 ሠራተኞች አሉኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የወሰንኩት፣ ሁሉንም በየዓመቱ የሆድ አልትራሳውንድ አስነሳለሁ። ወጪው ይቅለል ይክበድ፣ ሰው ይበልጣል። መንግሥትም ከ35 ዓመት በላይ ያለውን ሁሉ ቢያስገድድ ጥሩ ነው። ተሳስቻለሁ?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት · ሐሙስ ማታ 5፡30

ልብዎን አደንቃለሁ፤ ገንዘቡን ግን ሌላ ቦታ ቢያውሉት ይሻላል እላለሁ። በግልጽ ልናገር፦ ለ14 ሰው በየዓመቱ አልትራሳውንድ ብታስነሱ፣ ቀደም ያለ ጠባሳ ያለበት ሰው «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ያ ወረቀት የለገሃር ልጅን ወንድም ሦስት ዓመት እንዳዘናጋው ያዘናጋዋል። እኔ ከዚህ የባሰ ጉዳት አላውቅም።

ከዚያ ይልቅ ሁሉንም አንድ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ያሠሩላቸው። አንድ የጣት ጠብታ ደም ነው። እዚህ አገር ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 ሰው 7 ገደማ ቫይረሱ እንዳለበት ነው የሚገመተው። ክትባቱ ለሕፃናት በአምስት ለአንዱ (አምስት በሽታ በሚከላከለው አንድ መርፌ) ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም ነው፤ ሠራተኞችዎ ከዚያ በፊት የተወለዱ ከሆነ በልጅነታቸው አልተከተቡም። ነጻ የሆኑትን ያስከትቡ። ሦስት ዶዝ ነው፤ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። ቫይረሱ ያለበት ሰው ሲገኝ ደግሞ ለእሱ ኢንዛይምና ሲ ቢ ሲ ያሠሩና ፊብ-4 ይሰላለት። ስኳር ያለበት፣ በጣም የወፈረ፣ አረቄ የሚያበዛ ሰው ካለ ለእሱም እንዲሁ። ጫትን የሚመለከት ሐረር ውስጥ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አለ፤ ጫት የሚቅሙ ሰዎች ላይ ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ በብዛት ተገኝቷል።

ሰው በውጤቱ ምክንያት ከሥራ እንዳይገለል ግን ቃል ይግቡልኝ። ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ሲኒ ቡና በመጠጣት አይተላለፍም። ሰው ይህን ስለሚፈራ ነው ሳይመረመር የሚቀረው።

የሱቅ ባለቤት ተክለ ሃይማኖት · ዓርብ ጠዋት 2፡00

ማንም ከሥራው አይነቃነቅም። ውጤቱንም እኔ አላይም፣ ለየራሳቸው ይሰጣቸው። ዶክተር፣ ግን ጠባሳው መኖሩን በትክክል የሚለካው ምንድን ነው ታዲያ? ፋይብሮስካን የሚሉት ነው? እሱም አልትራሳውንድ አይደል?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት · ዓርብ ቀን 9፡10

ዘመዱ ነው። በሁለት የጎድን አጥንቶች መካከል ፕሮቡ ይደገፍና ቆዳውን በቀስታ ይመታል፤ በጣት እንደመንካት ነው፣ አያምም። ምቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚርገበገብ ሞገድ ጉበቱ ውስጥ ይጓዛል፤ የአልትራሳውንድ ድምፁ የሞገዱን ፍጥነት ይከታተላል። ለስላሳ ጉበት ውስጥ ሞገዱ ቀስ ይላል፣ የደነደነ ጉበት ውስጥ ይፈጥናል። በሴኮንድ 1.5 ሜትር ከተጓዘ 6.75 ኪሎፓስካል (የድንዳኔ መለኪያ) ይሆናል። አሥር ጊዜ ይለካና መካከለኛው ይወሰዳል። ሥዕል አይሰጥም፤ ዕጢ አለ የለም አይነግርህም። የተለመደው አልትራሳውንድ ደግሞ ዕጢ ያያል፣ ድንዳኔ አይለካም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። አሁን አንዳንድ ትልልቅ የአልትራሳውንድ ማሽኖች ሁለቱንም አንድ ላይ ይሠራሉ።

እዚህ ከተማ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2007 ዓ.ም የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ሲጀምር ታካሚዎችን በፋይብሮስካን እየለካ ነው የጀመረው። ከዚያ በፊት ማረጋገጫው መርፌ ወግቶ ከጉበት ሥጋ መውሰድ ነበር፤ የሚወሰደው ናሙና ከጉበቱ 50,000 እጅ አንዱ ገደማ ነው፣ የደም መፍሰስ ሥጋትም አለው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2016 ዓ.ም ባወጣው የሄፓታይተስ ቢ መመሪያ መሠረት ከ7 ኪሎፓስካል በላይ ትርጉም ያለው ጠባሳ ነው፤ ከ12.5 በላይ ሲሮሲስ። ማሽኑ በሌለበት አፕሪ የሚባል ስሌት ይፈቅዳል፦ ኤ ኤስ ቲን ለላቦራቶሪው ጣሪያ (ልከኛ ለሚባለው ከፍተኛ ቁጥር) አካፍል፣ በ100 አባዛ፣ ለፕላትሌት አካፍል። ከ0.5 በላይ ሕክምና ይጀመር ይላል። የወንድምህን የ2014 ቁጥር ሠራሁት፤ ጣሪያው 40 ከሆነ 0.70 ይወጣል። ለፍትሕ ሲባል ግን፣ በ2014 ይህ መመሪያ ገና አልወጣም፤ የቀድሞው መመሪያ የጠበቀ ነበር፣ ለሲሮሲስ አፕሪ ከ2 በላይ ይፈልግ ነበር። ያን ጊዜ ያየው ሐኪም ደንብ ጥሷል ማለት አልችልም። በየስድስት ወሩ ተመለስ ሳይለው መቅረቱ ግን ያሳዝነኛል።

ለምርመራው የምትሄዱ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሳትበሉ ሂዱ፤ ምግብ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ለጾመኛ ቀላል ነው፣ ጠዋት ቀጠሮ ያዙ። ጉበቱ በጣም ተቆጥቶ ኢንዛይሙ ከጣሪያው አምስት እጥፍ ባለፈበት ሳምንትም አትለኩ፤ ጠባሳ ሳይኖር ቁጥሩ ይወጣል። የልብ ድካምም እንዲሁ ያሳስታል። ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው ላይ ደግሞ አይሠራም፤ ሞገዱ ውሃን አያልፍም። የወንድምህ እዚያ ላይ ስለሆነ ፋይብሮስካን አታስቸግሩት፤ አሁን የሚያስፈልገው ኢንዶስኮፒ ነው፤ በጉሮሮ ካሜራ አስገብቶ ያበጠ ደም ሥር መኖሩን ማየት።

ባቱ ያደግሁ · ዓርብ ማታ 3፡45

የእኔ ነገር ከእናንተ የተለየ ስለሆነ ልጻፈው። ካዛንቺስ ነው የምሠራው እንጂ ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ልጅ ሆነን ውለን የምናድረው ውሃው ውስጥ ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ደም አስመለሰኝ። ድንገተኛ ክፍል ተኛሁ። ሄፓታይተስ ቢ የለም፣ ሲ የለም፣ የጉበት ኢንዛይም ልክ ነው፣ መጠጥ አልጠጣም። ማንም ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም። ያገኘው አልትራሳውንዱ ነው። ያነሳኝ ሰው ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ፤ ጉበቴ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች ዙሪያቸው ነጭ ወፍራም ሽፋን ለብሰው፣ ልክ የሸክላ ቧንቧ ይመስላሉ። ቢልሃርዝያ ነው አለኝ። ኋላ ፋይብሮስካን ተሠራልኝ፣ 6 ምናምን ነበር። በሱ ብቻ ቢሆን ጤነኛ ነህ ተብዬ እመለስ ነበር።

ከጨለማው ክፍል · ዓርብ ማታ 4፡10

ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክ በጣም ደስ ብሎኛል። በዚህ በሽታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል በደም ሥሩ ዙሪያ ነው ጠባሳ የሚያበጀው፣ የጉበቱን ሥጋ ብዙም አይነካም። ስለዚህ ድንዳኔ መለኪያው ላያገኘው ይችላል፣ አልትራሳውንድ ግን በደንብ ያየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የኒያሜ ፕሮቶኮል የሚባል፣ በአልትራሳውንድ ብቻ የጠባሳውን ዓይነት የምንመድብበት ሥርዓት አለው። ዝዋይ፣ ጣና ዳር ወይም መስኖ ውሃ ውስጥ ያደገ ሰው አልትራሳውንድ ሲነሳ ይህን ይንገረን። የት አደግህ የምለው ለወግ አይደለም።

የለገሃር ልጅ · ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ ማታ 3፡00

ወንድሜ ኢንዶስኮፒ ተሠርቶለታል። ጉሮሮው ታች ያሉት ደም ሥሮች አብጠው ተገኝተዋል፤ ሁለቱ በጎማ ታስረዋል። ቴኖፎቪር የሚባለውን የቫይረሱን መድኃኒት ጀምሯል፣ ለውሃው ስፒሮኖላክቶን ተሰጥቶታል፣ ጨው ተከልክሏል። ባለቤቱ ሽሮውን ያለ ጨው ነው የምትሠራለት፤ እኔም ስሄድ ከሱ ነው የምበላው። ለጀርባ ሕመሙ በየጊዜው የሚገዛውን ዲክሎፌናክ ሐኪሙ በጭራሽ እንዳይነካ ነግሮታል፤ ይህንን አላውቅም ነበር፣ ከፋርማሲ እንደ ከረሜላ ነው የምንገዛው።

እኔም ተመረመርኩ። ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ ነኝ። አምና ያ ሁሉ ቼክአፕ ሲሠራ ይህ ምርመራ አልነበረበትም። ኤስ ጂ ኦ ቲ 29፣ ኤስ ጂ ፒ ቲ 34፣ ፕላትሌት 214,000። ራሴ አሰላሁት፣ 0.88 ወጣልኝ። ፋይብሮስካን 5.4። ሐኪሙ ጠባሳ የለም ብሎኛል። ማታ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ወንድሜም እኮ «ምንም የለህም» ተብሎ ነበር።

ነርስ ከአራት ኪሎ · ሰኞ ማታ 4፡35

ወንድሜ፣ ከታች ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። የአንተና የወንድምህ ልዩነት፣ የአንተ በደምም በድንዳኔም ተለክቷል። የሱ በዓይን ብቻ ነበር የታየው።

ነገር ግን ለሐኪምህ አንድ ነገር ንገረው፦ በዚያው በ2016ቱ መመሪያ ውስጥ ቤተሰቡ ውስጥ ሲሮሲስ ወይም የጉበት ካንሰር ያለበት ሰው፣ የጠባሳውና የቫይረሱ ቁጥር ምንም ይሁን ምን ሕክምና ሊሰጠው ይገባል ከሚባሉት ውስጥ ነው። የታላቅ ወንድምህን በሽታ ለሐኪሙ ነግረኸዋል? ሰው ስለራሱ ሲጠየቅ የቤተሰቡን መንገር ይረሳል። የቫይረስ መጠን ምርመራም ጠይቅ።

ሌሎቹ ወንድም እህቶችህስ? እናታችሁስ? ይህ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ እናትን ለመውቀስ ሳይሆን የቀሩትን ለማትረፍ ነው የምጠይቅህ።

የለገሃር ልጅ · ሰኞ ማታ 5፡20

አልነገርኩትም። እውነትሽን ነው፣ ሐሙስ ተመልሼ እነግረዋለሁ።

ታናሽ እህቴ ነጻ ናት፤ ዛሬ የመጀመሪያውን ክትባት ወስዳለች። እናታችንን ለማስመርመር ግን እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኛል። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ነው የምታለቅሰው።

እናት ዓለም · ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ልጄ፣ እኔ እናት ነኝ፤ እኔ ልንገርህ። «እማዬ፣ ሁላችንም እየታየን ነው፣ አንቺም ከኛ ጋር ነይ» በላት። ለብቻዋ አትውሰዳት፣ ከእህትህ ጋር አብራችሁ ሂዱ። እሷም ከእናቷ ያገኘችው ሊሆን ይችላል። ያኔ ማን መርምሯት ያውቃል።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ስለ ወንድምህ አንድ የምታውቀው ነገር ይኑር። ቴኖፎቪር የወሰዱ ሰዎች ላይ ጉበታቸው ተወግቶ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና የታየበት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። በመጀመሪያው ናሙና ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች በ71ዱ ላይ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሮሲሱ አልተገኘም። ጠባሳ ወደ ኋላ ይመለሳል። እነዚያ ሰዎች እንደ ወንድምህ ውሃ ያልያዙ ስለነበሩ ተመሳሳዩን ቃል ልገባልህ አልችልም፤ ግን ቫይረሱ ሲቆም ውሃው የቀነሰላቸው፣ ወደ ሥራ የተመለሱ ታካሚዎችን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለታችሁም በየስድስት ወሩ መታየት አለባችሁ። ለወንድምህ አልትራሳውንዱ በየስድስት ወሩ ግዴታ ነው፤ ጠባሳ ሳይሆን ካንሰር ለመፈለግ። ትንሽ ሳለ ከተገኘ የሚታከም ነው። ለአንተም፣ ሄፓታይተስ ቢ ሲሮሲስ ሳይኖርም ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል፣ ከመቼ ጀምሮ መነሳት እንዳለብህ ሐሙስ ሐኪምህን ጠይቅ።

የለገሃር ልጅ · ዓርብ ማታ 1፡30

ሐኪሙ የወንድሜን ታሪክ ሲሰማ ፋይሌን እንደገና ከፈተው። የቫይረስ መጠን አዟል፤ ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒት እንጀምራለን ብሎኛል። አልትራሳውንድ ለሁለታችን አንድ ቀን አስያዘን።

እናታችን ትናንት ከእህቴ ጋር ሄዳ ደም ሰጥታለች። «ከልጆቼ ተለይቼ የት ልቀር» ነው ያለችው።

ከጨለማው ክፍል፣ ማዘዣው ላይ ምክንያት የሚለው መስመር ባዶ ነበር። ለሐኪሙ መልሼ ሰጥቼው «ሄፓታይተስ ቢ ፖዘቲቭ፣ ወንድሙ ሲሮሲስ» ብሎ ጻፈበት። ሌላ የምታዝዘን ነገር አለ?

ከጨለማው ክፍል · ዓርብ ማታ 2፡15

ጎበዝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምንም አትብሉ፤ ሐሞት ከረጢቱ ሞልቶ እንዲታይና አንጀት ውስጥ ያለው አየር እንዲቀንስ ነው። የመድኃኒት ውሃ ችግር የለውም። የድሮዎቹን ሪፖርቶች በሙሉ ይዛችሁ ኑ፣ ያቺን የ2014ቷን በተለይ፤ የሚያነሳችሁ ሰው ጣፊያውን ከምን ጋር እንደሚያወዳድር ይወቅ። ቁጥሩን ሲለካ ጮክ ብሎ እንዲነግራችሁ ጠይቁት፣ እኔ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።